ሕክምና ለመግባት የሚፈተኑት አንዴ አይደለም

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ደብተሯን አቅፋ ቤቴ መጣች። ያኔ 12ኛ ክፍል ነበረች። ሕክምና መግባት ነው የምትፈልገው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። "አጎቴ፣ ባዮሎጂን ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ" አለችኝ። ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ከዳር እስከ ዳር ሃይላይተር ተቀብቷል። ያልተቀባው መስመር ከተቀባው ያንሳል።

"እሺ፣ ኦስሞሲስ ምንድን ነው?" አልኳት።

አንድ ቃል ሳትስት በእንግሊዝኛ ዘረገፈችው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ራሱን።

ምሳ እየቀረበ ነበር። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎ፣ ጨው ገብቶበት ትንሽ ቆይቷል። ሳህኑን ዘንበል አድርጌ አሳየኋት። ከሥሩ ውሃ አቁሯል።

"ማንም ውሃ አልጨመረበትም። ይሄ ከየት መጣ?"

"ቲማቲም ውሃ ስላለው ነዋ።"

"ጨው ከመግባቱ በፊትስ አልነበረውም?"

ዝም አለች። ብዙ ቆየች። ኦስሞሲስ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ውሃ በሴል ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት መሄዱ፣ ፊቷ ሳህን ላይ ተኝቶ ነበር፤ ግን አላወቀችውም። ደብተሯ ውስጥ ያለው ሌላ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ሌላ መስሏታል።

ጎበዝ ልጅ ነች። ከክፍሏ ተማሪዎች ከፊት ከሚጠሩት አንዷ ነበረች። ይህን ያነሳሁት አብዛኛው ሕክምና የሚመኝ ተማሪ የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው። ደጋግሞ ያነባል፣ ያሰምራል፣ ይሸመድዳል። ከዚያ "አነበብኩት" ይላል። ማንበቡ እውነት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ሳህኑን ነው።

ነገሩ የት እንደደረሰ በቁጥር እንየው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ። ምክንያቱ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። እየተሻሻለ ነው። ቢሆንም በዚያ ዓመትም ከ12 ተማሪ ያለፈው አንዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። 50 በመቶ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ሕክምና አያስገባም። ድሮ የምደባ ዝርዝር ሲወጣ ሕክምና የደረሰው ልጅ ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ቤተሰብም ያኔውኑ ይደግስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ፕሮግራም ከተመለሰ ወዲህ ግን ልጁ በመጀመሪያ ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅሎ የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። የሕክምና ቦታ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በምደባው ላይ የፍሬሽማን ውጤትና የ12ኛ ክፍል ውጤት ይታያሉ፤ ድርሻቸውም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ጨምሯል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅም በራሱ ፈተና ተማሪ ሲመርጥ ቆይቷል። የግል ሕክምና ኮሌጅ የሚያስብ ደግሞ ኮሌጁ የራሱ ፈተና እንዳለው አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ የሕክምና መግቢያ ፈተና የምንለው ነገር አንድ ቀን ተቀምጠው የሚነሱበት አይደለም። ቢያንስ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት በር ነው። አብዛኛው ልጅ ግን ጉልበቱን ሁሉ የመጀመሪያው በር ላይ ጨርሶ ነው የሚገባው። አገባቡም በሽምደዳ ስለሆነ ለሁለተኛው በር የሚተርፈው ነገር የለውም።

ወደ አጠናኑ ልመለስ፤ እኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት አለ። ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። በአማካይ አንዱ ልጅ 14 ጊዜ ያህል አንብቦታል። ሌላው ቡድን ያነበበው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ገደማ። በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ጽሑፉ ተወሰደበትና የሚያስታውሰውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። 14 ጊዜ ያነበቡት 40 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ሲፈትኑ የቆዩት 61 በመቶ አስታወሱ።

ይህን ጥናት ለማንኛውም ተፈታኝ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ደጋግሞ ያነበበ ሰው ገጹን ሲያየው ይለምደዋል። መልመዱን ደግሞ እንደማወቅ ይቆጥረዋል። እንዲያውም በዚያ ጥናት ውስጥ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት አንባቢዎቹ ነበሩ። ስንት ተማሪ ነው "አንብቤው ነበር እኮ፣ ፈተና ላይ ጠፋብኝ" የሚለው? ገጹን ያውቀዋል፤ ያለ ገጹ ግን አውጥቶት አያውቅም።

ከእህቴ ልጅ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሃይላይተሩን አስቀመጥነው። አንድ ርዕስ አንዴ ታነባለች። ደብተሩን ትዘጋለች። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ትጽፋለች፣ ሥዕሉን ትሥላለች። ከዚያ ደብተሩን ከፍታ የረሳችውን በቀይ እስክሪብቶ ትሞላለች። ከሦስት ቀን በኋላ ትደግመዋለች፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መከራ ነበሩ። "አጎቴ፣ ምንም አላውቅም ማለት ነው?" እያለች ታለቅስ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ ቀይ ነበር። መጋቢት ላይ ቀዩ መቀነስ ጀመረ።

ኦስሞሲሱንም አልተውነውም። ከሰላጣው ቀጥለን ቋንጣ ላይ ሄድን። ጨው የተቀባ ሥጋ ለምን አይበላሽም? ይህን ራሷ ደረሰችበት። ጨው ባክቴሪያውንም ውሃ ያሳጣዋል። ከዚያ ሆስፒታል ገባን። ተቅማጥ ላደከመው በሽተኛ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሲሰጠው ለምን ንጹህ ውሃ ብቻ አይሰጠውም? ለምን 0.9 በመቶ ጨው ያለበት ይሆናል? ወረቀት ላይ ቀይ የደም ሴል ሣለች። በዙሪያው ንጹህ ውሃ አደረገች። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳየች። "ወደ ውስጥ ይገባል… ይነፋል… ኧረ ይፈነዳል!" አለች። ከዚያ በኋላ ኦስሞሲስን የሚመለከት ጥያቄ በየትም በኩል ቢመጣባት አልጠፋባትም። ትርጉሙን መሸምደድም አላስፈለጋትም። ደግሞ ይሄኛው ነው ሕክምናው። አንድ ቀን በሽተኛ ፊት ስትቆም የምትፈልገው ይህን ነው።

ሌላው የጠቀማት የስህተት ደብተር ነው። የድሮ ፈተና ትሠራለች፤ ከዚያ የተሳሳተችውን ብቻ እየለየች ለምን እንደሳተች በአንድ መስመር ትጽፋለች። ከወር በኋላ ደብተሩን አብረን ስናየው ሁለታችንም ገረመን። ብዙዎቹ ስህተቶች ካለማወቅ የመጡ አልነበሩም። ፊዚክስ ላይ ሴንቲሜትርን ወደ ሜትር ሳትቀይር ነው የምትሠራው። ቀመሩን አሳምራ ታውቀዋለች። ኬሚስትሪ ላይ "ኤክሴፕት" የምትለዋን ቃል ትዘላለች። የማይሆነው የቱ ነው ሲባል የሚሆነውን ትመርጣለች። እንደዚህ ያለ ስህተት ምዕራፉን አሥር ጊዜ ቢያነቡት አይስተካከልም። የሚስተካከለው "እዚህ ላይ ነው የምስተው" ብለው ካወቁት ብቻ ነው።

የድሮ ፈተና ስል ታዲያ አብዛኛው ልጅ እንደሚያደርገው መልሱን ጎን አስቀምጦ ማንበብ ማለቴ አይደለም። ሰዓት ይዞ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ እንደ እውነተኛው ፈተና መቀመጥ ነው። በቀደሙት ዓመታት ወረቀቶች ባዮሎጂ 100 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነው። ለአንዱ ጥያቄ 72 ሰከንድ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነው። ለአንዱ አንድ ደቂቃ፤ ለዚያውም ረጃጅም ምንባቦች አሉበት። በዚህ ፍጥነት ማንበብ ያልለመደ ልጅ እውቀቱ እያለው ሰዓቱ ያልቅበታል።

እንግሊዝኛን ነጥዬ ላንሳው። ተማሪዎቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ሕክምና የሚፈልግ ልጅ "እኔ የሳይንስ ተማሪ ነኝ" ብሎ እንግሊዝኛን ወደ ጎን ያደርገዋል። ግን የባዮሎጂ ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ነው። የፊዚክሱም እንደዚያው። ከስድስቱ ፈተናዎች ሁሉም ውስጥ እንግሊዝኛ አለ። በቀን አንድ ገጽ፣ የትምህርት መጽሐፉን ራሱን፣ ያላወቁትን ቃል እየጻፉ ማንበብ በስድስት ወር ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አፕቲቲዩድም (የማመዛዘን ችሎታ ፈተናው) እንደዚሁ የተረሳ ነው። ከ600ው ውስጥ እንደ ፊዚክስ እኩል 100 አለው። "እሱ አይጠናም" ይባላል። ይጠናል። የጥያቄዎቹ ዓይነት ይደጋገማል፤ የለመዳቸው ይፈጥናል።

ስለ ቴሌግራም ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፈተናው ሲቃረብ "ፈተናው ወጥቷል፣ ይህን ያህል ብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. እውነትም ፈተና ተሰርቆ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ፣ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። ያ ትዝታ እስካሁን ልጆቹን ያታልላል። ብሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚጎዳው የመጨረሻው ሳምንት ነው። ልጁ ሌሊት ተነስቶ ቻናል ሲያገላብጥ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መልስ ሲሸመድድ፣ ያወቀውንም ይደባልቀዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንግባ። ብዙ ሕክምና የሚመኝ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ አወዳደቁም ድምፅ የለውም። 12ኛን በጥሩ ውጤት አልፎ ይመጣል። ቤተሰቡ ዶክተር ማለት ጀምሯል። ሲደርስ የሚሰጡት ኮርሶች የጠበቃቸው አይደሉም። ፊዚክስና ሒሳብ አለ፤ ከጎናቸው ግን ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ አሉ። "ጂኦግራፊ ለሐኪም ምን ያደርጋል?" ይልና ይተወዋል።

ሒሳቡን በወረቀት እንሥራው። በአንድ ሴሚስተር ባለ 3 ክሬዲት ስድስት ኮርስ አለ እንበል። አምስቱን ኤ አመጣህ፤ እያንዳንዱ 4 ነው፣ ድምሩ 20። ጂኦግራፊን ንቀኸው ሲ አገኘህ፤ 2 ነው። 22ን ለ6 ስታካፍለው 3.67 ይሆናል። ሌላዋ ልጅ ፊዚክስ ከብዷት ቢ አገኘች፣ ሌላውን ሁሉ ኤ አመጣች። 23 ለ6፤ 3.83። በፊዚክስ ትበልጣታለህ። ሕክምና ላይ ግን ቀደመችህ። ጂፒኤ (የኮርሶቹ ውጤት አማካይ) የትኛውን ኮርስ እንደምትወድ አያይም፤ ክሬዲቱን ነው የሚቆጥረው። ለሕክምና የሚወዳደሩት ደግሞ ሁሉም ከላይ የተሰበሰቡ ልጆች ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በነጥብ ቤት ነው።

ፍሬሽማን ላይ ልጆቹን የሚጥላቸው ሌላው ነገር ብቸኝነት ነው። ከቤት የወጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሚቀሰቅስ፣ "አጠናህ ወይ" የሚል የለም። የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይታሰብ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይ የተዘናጋ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲሮጥ ይከርማል። ስለዚህ ሲኒየሮችን ቶሎ መጠየቅ ይጠቅማል። የእናንተ ግቢ ለሕክምና ምደባ የሚጠቀመው መስፈርት ምንድን ነው? የስንተኛው ሴሚስተር ውጤት ይያዛል? ከምደባ በፊት ተጨማሪ ፈተና አለ ወይ? ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ያወቀና ሰኔ ላይ የሰማ እኩል አይሆኑም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ግን መጽሐፍ፣ አስተማሪና መብራት ላለው ልጅ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። በ2015ም በ2016ም ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድም! እዚያ ያለ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቤተ ሙከራ ገብቶ አያውቅም። አንድን መጽሐፍ ከስንት ልጅ ጋር ይጋራል። በትግራይ በጦርነቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ በግጭቱ የተነሳ ትምህርት ተቋርጦባቸው የቆዩ ልጆች አሉ። እነሱን ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ጋር በአንድ ወረቀት አስቀምጠን "ያው ፈተና ነው" ማለት አይዋጥልኝም። ኩረጃው መቅረቱ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። ግን ፈተናን ማጥበቅ ማስተማር አይደለም። ቢያንስ በየወረዳው ከተማ ማታ የሚከፈት፣ መብራት ያለው አንድ የማንበቢያ አዳራሽና የትምህርት መጽሐፎቹ የተጫኑባቸው ጥቂት ታብሌቶች ቢኖሩ ብዙ ልጅ ይድናል። ይህ ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

ቤት ውስጥም የሚሠራ አለ። በተለይ ለሴት ልጆች። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ደብተር የምትይዘው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ እንጀራ ጋገራ አለ። ወንድሟ አሥረኛ ክፍል ነው፤ እሱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያጠናል። ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ሰዓቱን ቆጠርነው። በሳምንት ወደ 18 ሰዓት ልዩነት ወጣ። እህቴ ደነገጠች፤ ልብ ብላው አታውቅም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ውሃ መቅዳቱ የወንድሟ ሆነ፣ እራት ማቅረቡም በየተራ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የጥናት ዘዴዎቼ ይልቅ የጠቀማት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ፈተናው ራሱ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ የሚጠብቃቸውን ቀድመው ቢያውቁት ደግ ነው። ከቀናት በፊት ይጓጓዛሉ። ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ዶርም ያድራሉ። ስልክ የለም። ምግቡ የካፌ ነው። አንዳንዱ ልጅ በጭንቀትና በጫጫታ እንቅልፍ ሳያገኝ ይፈተናል። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በጊዜ መተኛትና በጊዜ መነሳት፣ ያለ ስልክ ማደርን መልመድ፣ የራስን ብርድ ልብስ መያዝ ቀላል ይመስላል። ግን እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ያጠናውን አይመልስም። ደግሞ አሁን ፈተናው በኮምፒዩተርም ስለሚሰጥ፣ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በተቻለ መጠን ቀድሞ ቢለማመድ ከድንጋጤ ይድናል።

ለወላጆችም አንድ ነገር። ሕክምና ረጅም ነው። ከፍሬሽማን በኋላ ዓመታት አሉ፣ ሌሊት የሚታደርበት ኢንተርንሺፕ አለ፣ ከምርቃት በኋላም የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና አለ። የጤና ባለሙያዎች በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በክፍያ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም እንደደረሱ ሁላችንም አይተናል። ልጁ ይህን አውቆ ከፈለገው ይግባበት፣ እኔም በደስታ እደግፈዋለሁ። ለጎረቤት ክብር ብሎ የገባ ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲሰበር አይቻለሁ።

የእህቴ ልጅ አልፋለች። አሁን ፍሬሽማን ነች፤ ሕክምና ይድረሳት አይድረሳት ገና አልታወቀም። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። የጂኦግራፊ ሚድ ከ30 27 አምጥታለች። ስለ ፊዚክሱ ስጠይቃት "እሱ ላይ ቀዩ ገና ብዙ ነው" አለችኝ። ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ደብተር ዘግተው እየተጠያየቁ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ሎጂክ እንዳላቸው ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።